የተስተካከለ ምላስ

በ2087 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ እራት የሚበላው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ነበር። ሳህኑ ይቀርባል፤ ላንቃ የሚሏት አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ጫፏ ወጡ ውስጥ ይነከራል፤ ቤተሰቡ እጁን ታጥቦ ይጠብቃል። አረንጓዴ ከበራ «ጣፈጠ» ተብሎ ይበላል። ቢጫ ከበራ እየታማ ይበላል። ቀይ ከበራ ይደፋል፣ ያበሰለው ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ጉርሻም አልቀረለትም። አጉራሹ መብራቱን ያያል፣ ጎራሹም መብራቱን ያያል፣ ከዚያ አፍ ይከፈታል። ይህን ያዘዘ ሕግ አልነበረም። ማንም ማንንም አላስገደደም። ሰው በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ ቤቱ አስገብቶ፣ ምላሱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

ኤልዳና ወንድማገኝ ብቻ መብራቱን ሳትጠብቅ ትበላ ነበር። ስልሳ ሊሞላት የደረሰች፣ ባል ያላገባች፣ ከታናሽ እህቷ ከሲፈን ቤት የምትኖር ሴት ናት። የሲፈን ልጆች እንግዳ ሲመጣ ያፍሩባት ነበር። ላንቃ የተሠራችው ከእሷ አፍ መሆኑን መጀመሪያ ላይ ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ ቢያውቁትም ምንም አልመሰላቸውም። ትልቋ እንዲያውም ለጓደኞቿ ስታስተዋውቃት፣ «አክስቴ አሮጌዋ ላንቃ ናት። መብራት ብቻ ነው የሌላት» ትል ነበር።

ልጅቷ አልተሳሳተችም። ኤልዳና ወጣት ሳለች የስኮትላንድ ውስኪ ጠማቂዎች በራቸውን መዝጋት ጀምረው ነበር። እዚያ ገብሱ እምቢ አለ፤ ብቅል በጭሱ የሚያደርቁበትን የረግረግ አፈር መቆፈርም ተከለከለ። የቀሩት በርሜሎች ቀዝቃዛ አገር ተፈልጎላቸው ወደ ደብረ ብርሃን መጡ። የበርሜሎቹን መጋዘን የሚያስተዳድረው ኢዮስያስ መኩሪያ የሚባል ሰው፣ ሥራ ፈልጋ የመጣችውን ልጅ ሦስት ብርጭቆ ውኃ ሰጥቶ ፈተናት። አንዱ የጉድጓድ፣ አንዱ የቧንቧ፣ አንዱ ደግሞ ዝናብ ሆኖ የዛገ ቆርቆሮ ላይ ያለፈ መሆኑን ነገረችው። በማግስቱ ሥራ ጀመረች።

ሥራዋ ሲንግል ሞልት ማወዳደር ነበር። ሲንግል ሞልት ከአንድ ጠማቂ ቤት፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚወጣ ውስኪ ስለሆነ እያንዳንዱ የተወለደበትን ቦታ ይናገራል። ከስፔይ ወንዝ ዳር የመጣው ፖም ፖም፣ ማር ማር ይላል። ከአይላ ደሴት የመጣው ደግሞ ጭስና ጨው ነው፤ ያልለመደ ሰው አሽትቶት ሐኪም ቤት የገባ ይመስለዋል። ኤልዳና ጉንጯ ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ ብርጭቆ በብርጭቆ እየቀመሰች፣ ይሄ ከዚያ በምን እንደሚለይ ትናገራለች። የመጋዘኑ ባለቤት ኩባንያ ቃሏንና የሽቦውን ንባብ ይመዘግባል። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። ከዚያ ላንቃ ተወለደችና ኤልዳና ተሰናበተች። በመጀመሪያ ለውስኪ ብቻ የተሠራችው ላንቃ ወደ ቢራ፣ ከቢራ ወደ ወጥ፣ ከወጥ ወደ ሕፃናት ገንፎ ተሻገረች። በርሜሎቹም ቦታ ያዙ ተብለው ወደ ወንዝ ተደፉ። የኩባንያው ፋብሪካ ያለ በርሜል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ የፈለገውን ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ፣ ማውጣት ችሎ ነበር፤ ላንቃም ሁሉንም አረንጓዴ ታበራለት ነበር።

በየካቲት አንድ ምሽት ሲፈን መብራቱ ሽሮውን እስኪያጸድቅ ስትጠብቅ፣ ጋሽ ኢዮስያስ መታሰሩን እንደ ተራ ወሬ አነሣችው። ጎረቤቱ ልጁን ሲድር ሽማግሌው ከቤቱ አንድ ማሰሮ ሙሉ መጠጥ ይዞ ሄዶ፣ እውነተኛው የአይላ ስኮች ይሄ ነው፣ ጠጡልኝ ብሎ ለእንግዶቹ ቀድቷል። የሙሽራዋ አባት ላንቃውን ነከረ። ቀይ በራ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንዶቹ የቀመሱትን ተፉ። ሐሰተኛ መጠጥ በእውነተኛ ስም ማቅረብ አምስት ዓመት ያሳስራል። ጋሽ ኢዮስያስ ሰማንያውን አልፏል።

ኤልዳና ሽሮውን ሳትነካ ተነሣች።

ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ካፖርቱን ከነቁልፎቹ እስከ አገጩ ዘግቶ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ብዙም የተገረመ አልመሰለም።

«መጣሽ? እኔኮ ሞተሻል ብዬ ተዝካርሽን ሳልበላ ቀረሁ ስል ነበር።»

«ጋሼ፣ መቱዎት እንዴ?»

«ማን ደፍሮ? ይፈሩኛል። መርዘኛ ነኝ እኮ አሁን። ፖሊሱ ውኃ ሲያቀብለኝ እንኳ እጁን አርቆ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። በርሜሎቹ ሲደፉ አንዱን፣ ከአይላ የመጣውን፣ በጋሪ ጭኖ ወስዶ ጓዳው ውስጥ ግድግዳ ሠርቶ ሸሸገው። በየዓመቱ ለራሱ ልደት አንድ መለኪያ ይቀዳ ነበር። ማንንም አላማከረም፣ ለማንም አልሸጠም። ታዲያ አሁን ምን ነካዎት ብትለው፣ ፖሊሱ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላት።

«ብቻዬን ስጠጣው መጠራጠር ጀመርኩ። ፋብሪካው የሚያወጣውን ሁሉም ይወዳል። እኔ ይሄን እወዳለሁ። ምናልባት ያበድኩት እኔ ብሆንስ? አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቀምሶ ‹አዎ› እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝም።»

ነገሩ ይህ ነበር። አንድ ሰው አምስት ዓመት እንዳይታሰር፣ ከዚያም በላይ እንዳላበደ እንዲያውቅ፣ አንድ «አዎ» ያስፈልገው ነበር። ያን «አዎ» ልትሰጥ የምትችል አፍ በከተማው ውስጥ አንዲት ብቻ ቀርታለች።

የጣዕም ማረጋገጫ ቢሮ ኃላፊ ማዕዶት የሚባል ወጣት ነው። የከተማው ልጅ ስለሆነ እትዬ ኤልዳና እያለ ጠራት፣ ወንበር አቀረበላት፣ ብርዱን አማረረላት። አስጠያፊ ሰው አልነበረም። አስጠያፊ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሥራ ሁሉ በጨዋ ልጆች እጅ ሲሠራ ለመሳደብ እንኳ አይመችም። እንድትቀምስ ጠየቀችው። አልከለከላትም። ሁለት ብርጭቆ አስመጣ። አንዱ ፖሊስ ከጓዳው ከያዘው ከጋሽ ኢዮስያስ በርሜል የተቀዳ ነው። ሁለተኛው የፋብሪካው ነው፤ ላንቃ ፍጹም አይላ ብላ ያጸደቀችው፣ ሌላው ሁሉ የሚለካበት።

የመጀመሪያውን አነሣች። ጭሱ ቀድሞ መጣ፤ የእንጨት ጭስ አይደለም፣ እርጥብ መሬት ሲቃጠል የሚሸተው ነው። ከኋላው ጨው መጣ። ከጨው ኋላ አዮዲን የተቀባ ቁስል፣ አለት ላይ የደረቀ የባሕር ሣር። ምላሷ ይሄን ሁሉ እየተቀበለ ሲያሳልፍ፣ ከሁሉም ሥር፣ ጭሱ ከሄደ በኋላ፣ የታመሰ ገብስ ጣፋጭነት ቀስ ብሎ ወጣ። ኤልዳና ዓይኗን ጨፈነች። ይሄን ከቀመሰች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። እሱ ራሱ ነበር። አርጅቶ፣ ጠይሞ፣ ግን እሱ ራሱ።

ሁለተኛውን አነሣች። ያው ጭስ፣ ያው ጨው፣ ያው አዮዲን፤ ሁሉም በየተራቸው ተሰልፈው ገቡ። ከዋጠችው በኋላ ግን አፏ ውስጥ አንድ ነገር ቀረ። ለብ ያለ ነገር ነው። ላብ ላብ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል፣ ትንሽ ቅባት ያለው። ደግማ ቀመሰች። የምታውቀው ነገር ነው፣ ከውስኪ ግን አይደለም። ከየት እንደምታውቀው ስታስብ ቆይታ፣ ከንፈሯን ልትጠርግ እጇን ስታነሣ መዳፏ በአፍንጫዋ ሥር አለፈ።

እጇ ባለበት ቀረ።

ጋሽ ኢዮስያስ የጠጅ ቤት ልጅ ነበር። እናቱ ቤት አሳላፊው ከብርሌው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንግዳው ፊት ይቀምሳል፤ እንግዳው ያን አይቶ አምኖ ይጠጣል። ጋሽ ኢዮስያስም ይህን ሥርዓት መጋዘኑ ውስጥ አስገባው። ኤልዳና ማንኛውንም ውስኪ ከብርጭቆ ከመቅመሷ በፊት መዳፏ ላይ አፍስሳ፣ አሽታ፣ አሽትታ፣ ልሳ ነበር የምትጀምረው። ሁሉንም፣ ከአይላም ከስፔይም፣ ለዓመታት። የደብረ ብርሃን ብርድ እጇን ስለሚሰነጥቀው ደግሞ በሳሙና እየታጠበች ቅባት ትቀባ ነበር፤ ዛሬም ትቀባለች። ላንቃ ከእሷ አፍ ስኮች ምን እንደሆነ ስትማር፣ ስኮች ሁሉ መጨረሻው ላይ የሰው እጅ የሚል መጠጥ ነው ብላ ተማረች። ፋብሪካው ላንቃን ለማስደሰት ያን እጅ በየጠርሙሱ ጨመረ። አገሩ ሁሉ ለሠላሳ ዓመት የጠጣው የእሷን መዳፍ ነበር። መዳፍ ያልነካው እውነተኛው በርሜል ሲመጣ ቀይ በራ።

ለማዕዶት ነገረችው። ስትነግረው ዓለም የሚገለበጥ መስሏት ነበር። ማዕዶት እስክትጨርስ በትዕግሥት አዳመጣትና ነገሩ ቢሮው የሚያውቀው መሆኑን ነገራት። መሐንዲሶቹ እሱ ገና ሳይቀጠር አግኝተውታል፤ ስምም አውጥተውለታል፤ ቃና አንድ ይሉታል። አንድ ጊዜ ከመጠጡ አውጥተውት ነበር። ገዢው ሁሉ ተበላሽቷል ብሎ መለሰው።

«ታዲያ ስሕተት መሆኑን እያወቃችሁ ነው ሽማግሌ የምታስሩት?» አለችው።

«ስሕተትማ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ እትዬ። አሁን መለኪያ ነው።»

«መለኪያው እኮ እጄ ነው። የእኔ እጅ። ባለቤቷ እየነገረችህ ነው፤ እጄ ውስኪ አይደለም።»

«እርስዎ አንድ ሰው ነዎት» አላት በትሕትና። «ላንቃ ሁላችንም ናት።»

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ፊቱ ላይ ልትደፋው ቃጥቷት ነበር። ተወችው፤ ከመደፋት የተረፈው ውስኪ የዚያ በርሜል ብቻ ነውና። ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክራለሁ አለችው። ማዕዶት ይህንም አልከለከለም። ሕጉ ሰው እንዲመሰክር ይፈቅዳል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ የምስክሩ ምላስ ጤናማ መሆን አለበት፤ ጤናማ ማለትም ከላንቃ ጋር የሚስማማ ነው። የእሷ ለጊዜው አይስማማም። ይስተካከላል ግን። ከመሳቢያው ነጭ ከረሜላ የሞላ ከረጢት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ለአንድ ሳምንት ከምግብ በኋላ አንዳንድ መምጠጥ ነው፤ ሕመም የለውም።

«ከተስማማሁ የምመሰክረው የለኝም። ካልተስማማሁ አትሰሙኝም።»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለ ማዕዶት፤ የዚህ ዓይነት ሕግ ያወጣ ሰው እስከ ዛሬ በየትም አገር ተገኝቶ አያውቅም።

ከቢሮው በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደች። ጋሽ ኢዮስያስ ፊቷን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«እሱ ነው፣ ጋሼ» አለችው። «አላበዱም። ራሱ ነው፤ ገብሱ እንኳ አልጠፋም።»

ሽማግሌው መልሶ ተቀመጠ። ካፖርቱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ስለተለወጠ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፖሊሱ ምን ሆኑ ብሎ መጣ፤ ምንም አልሆንኩም፣ ጤነኛ ነህ ብለውኝ ነው አለው።

ስለ ከረሜላው ስትነግረው ግን ቀልዱን ተወ።

«ተይው» አላት። «እንዳትነኪው። አንቺ አዎ ካልሽኝ በቃኝ። አምስት ዓመቱንም ቢሆን ተኝቼ እጨርሰዋለሁ።»

«እዚህ ይሞታሉ እኮ!»

«ውጭም እሞታለሁ። ምላስሽን ለእነዚህ እንዳትሰጪብኝ፣ አንቺ ልጅ። ጥንቱን የሰጠሁብሽ እኔ ነኝ፤ አይደገምም።»

መስማት ነበረባት። ግን ኤልዳና ተናድዳ ነበር፤ ንዴቷ በአንድ ሽማግሌ «በቃኝ» የሚበርድ አልነበረም። ዳኛ ፊት ቆማ፣ ያስተካከሉትን ምላስ ይዛ፣ በእነሱው ሕግ ልትረታቸው ፈለገች። ጣዕሙ ቢጠፋ እንኳ የሚያውቀው አእምሮዬ ነው አለች። አንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ ይበቃኛል፤ ገብሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣው እውነተኛው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ማን ሊያስተካክለው ይችላል?

የመጀመሪያውን ከረሜላ ያን ዕለት ማታ መጠጠች። ምንም አልሆነችም። በማግስቱም ምንም አልሆነችም። በሳምንቱ አጋማሽ ሲፈን ምስር ወጥ ሠርታ፣ ሁሉም እጁን ታጥቦ ሲጠብቅ፣ ኤልዳና እንደ ልማዷ ቀድማ ጎረሰችና ጣፈጠ አለች። ወዲያው አረንጓዴ በራ። ልጆቹ አጨበጨቡላት። ሲፈን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ላለፉት ስንት ዓመታት እህቷ ወጧን አንድ ቀን አመስግናላት አታውቅም ነበርና። አስፈሪው ነገር ደግሞ ኤልዳና አለመዋሸቷ ነው። ጣፍጧታል። ጠዋት ዳቦው ጣፈጣት፣ ውኃው ጣፈጣት፣ ስትጠላው የኖረችው የፋብሪካ እርጎ ጣፈጣት። ከሰው ጋር እኩል መብላት እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን አታውቅም ነበር። ማታ ማታ ዓረፍተ ነገሯን ለራሷ ትደግማለች። ገብሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣው። ገብሱ።

የችሎቱ ቀን ጋሽ ኢዮስያስ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ቀረበ። ተመልካቹ ብዙ ነበር፤ መርዘኛው ሽማግሌ ተብሎ ተወርቷል። ዳኛዋ የኤልዳናን ምላስ አስለኩ። ጤናማ ነው ተባለ። ሁለት ብርጭቆ ቀረበላት። ዳኛዋ ምላሷ ከነገራት ሌላ ምንም እንዳትጨምር አስማሏትና የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ጠየቋት።

የመጀመሪያውን ቀመሰች። የተቃጠለ ጎማ ነበር። ከጎማው ኋላ የቱቦ ውኃ፣ ከቱቦው ኋላ ጉሮሮ የሚፍቅ ጨው። ልትተፋው ደርሳ በግድ ዋጠችው። ገብሱን ጠበቀች። ምንም ገብስ አልመጣም። ሁለተኛውን ቀመሰች። ጭሱ ለስላሳ፣ ጨው ልክ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ለብ ያለ፣ የሚያባብል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የሚመስል ነገር። ሰውነቷ ሁሉ ወደ እሱ አዘነበለ።

ከዚያ የድሮውን ለማስታወስ ሞከረች። መጋዘኑን አስታወሰች፤ ብርዱን፣ የበርሜሎቹን ጥቁር ሆድ፣ ጋሽ ኢዮስያስ አጠገቧ ቆሞ ሲጠብቅ። ብርጭቆውን በሐሳቧ ወደ አፏ አቀረበች። ጣዕሙ መጣ። የሁለተኛው ጣዕም ነበር። ከሳምንት በፊት ማዕዶት ቢሮ ዓይኗን ያስጨፈናትን ፈለገች፤ እሱም ሁለተኛው ሆኖ መጣ። ወደ ኋላ የሄደችበት ሁሉ ቀድመዋት ደርሰው ነበር። የቀራት ያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ጣዕም የሌለው፣ ማንም ሊለው የሚችል።

ያን ዓረፍተ ነገር መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፍታ የመጀመሪያው ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ እውነትም ይሆን ነበር። ግን ኤልዳና በሕይወቷ ሙሉ ምላሷ ያልነገራትን ተናግራ አታውቅም። ያላት ክብር እሱ ብቻ ነበር። ባል አላገባችበትም፣ ቤት አልሠራችበትም፤ ስሟ ግን በእሱ ተጠርቷል። ያን ክብር ስለሚያውቁ ነው መሐላውን በዚያ ቃል ያስማሏት። ሰውን በውሸቱ ማሰር ድሮም ነበር፤ በሐቀኝነቱ ማሰር ግን የእኛ ዘመን ሥራ ነው።

«ሁለተኛው ነው» አለች።

ከተመልካቹ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ። ዳኛዋ ዝም አሰኙና ተከሳሹ የሚጠይቀው ካለ ብለው ፈቀዱለት። ጋሽ ኢዮስያስ ተነሣ። አልተቆጣም።

«ኤልዱ፣ የመጀመሪያው በእርግጥ መጥፎ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«በጣም?»

«በጣም።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «ባለፈው ሳምንት ያልሽኝስ?»

ኤልዳና ያን ቀን ጣቢያው ውስጥ ያለችውን ቃል በቃል ታስታውሳለች። ለምን እንዳለችው ግን አታውቅም።

«ላስደስትዎት ብዬ ይሆናል» አለች። እንደዚያ እንደነበረም አመነች።

ሰውየው ሲቀመጥ አንድ እጁ ወንበሩን ስቶ ፖሊሱ ደገፈው። ከዚያ በኋላ የተነበበውን የሰማው አይመስልም።

ፍርዱ ያንኑ ዕለት ተፈጸመ። በርሜሉን ከፍርድ ቤቱ በር ወደ መንገዱ አውጥተው ጋደም አደረጉትና አፉን በመጥረቢያ ሰበሩት። ጠይም ወርቅማ ውኃ አስፋልቱ ላይ ፈስሶ ወደ ቦዩ ወረደ። ሽታው መንገዱን ሞላው። ሕዝቡ እየሳቀና እየተሳደበ ወደ ኋላ ሸሸ። የኮሌጅ ልጆች በሹራባቸው፣ እናቶች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። ማዕዶት መሐረቡን አወጣ። አንዲት ሴት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ደፋችው።

ጋሽ ኢዮስያስን የሚወስደው መኪና መንገዱ እስኪለቀቅለት ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ፊቱን በመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ለጥፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ አየሩን እየሳበ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ አፍንጫውን ያልሸፈነ እሱ ብቻ ነው። ዓይኖቹ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ሲፈልጉ ቆይተው ኤልዳናን አገኟት።

እያለቀሰች ነበር። ለምን እንደምታለቅስ እሷም አላወቀችም፤ አጠገቧ የቆሙት ሽታው ነው አሉ። ሽታው ይበልጥ ሲቀርባት ነጠላዋን አጥፋ አፍንጫዋ ላይ ጫነችና እንደ ሌላው ሁሉ ፊቷን አዞረች።